ለ56 ኩንታል ምርት የ56 ኩንታል መጋዘን ያስፈልጋል?

ጥያቄው የመጣው ከሰሜን ሸዋ፣ ከሞረትና ጅሩ፣ ከእነዋሪ አካባቢ ነው። ከአባትና ከእናቱ ጋር የሚያርስ ወጣት ነው የጻፈው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ዘንድሮ 38 ኩንታል ስንዴ፣ 12 ኩንታል ጤፍና 6 ኩንታል ምስር አስገባን። ለማዳበሪያና ለዕዳ ብለን ጥር ላይ 15 ኩንታል ስንዴና ሦስት ኩንታል ተኩል ምስር ሸጠናል። ቤተሰቡ ሰባት ነው። የድሮው ጎተራ ዘሟል፤ በየክረምቱ በባላ እየደገፍነው ነው። አይጡንም አልቻልነውም። አንድ ግንበኛ ሙሉ ምርታችንን የሚይዝ የብሎኬት መጋዘን ልሥራላችሁ ብሎ ዋጋ ነግሮናል። አባቴ ደግሞ ጎተራውን በአዲስ እንጨት እናድሰው ይላሉ። ብድር እናገኛለን፤ ግን በሚመጣው ጥር ሙሉውን መመለስ አለብን። ምን ይሻለናል?»

ወንድሜ፣ ከመጋዘኑ በፊት እህሉን እንቁጠር። 56 ኩንታል አስገባችሁ ማለት 56 ኩንታል ክረምቱን እናንተ ቤት ይከርማል ማለት አይደለም። ከስንዴው 15 ሄዷል፤ 23 ቀርቷል። ጤፉ 12 አለ። ምስሩ ሁለት ኩንታል ተኩል ነው። በድምሩ 38 ኩንታል ገደማ። ግንበኛው ዋጋ የነገራችሁ ለ56 ነው። ገና ሳይጀመር፣ እስከ ጥር ሽያጭ ድረስ ብቻ እህል ለሚይዝ ትርፍ ቦታ ልትከፍሉ ነው።

ይህንን 38 ደግሞ እንከፋፍለው። እኔ ሳሰላ ለአንድ ሰው በዓመት ከአንድ ኩንታል ተኩል እስከ ሁለት ኩንታል እህል እይዛለሁ። ለሰባት ሰው 12 ኩንታል በሉት። ሰባቱን ከጤፉ፣ አምስቱን ከስንዴው። ለጠላውና ለዝክሩ የሚሄደውን እናትህ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እሳቸውን ጠይቅ። ከስንዴው ሁለት ኩንታል ለዘር ይነሣ። የቀረው 16 ኩንታል ስንዴ ነው ዋጋ ይጠብቃል የምንለው። አምስት ኩንታል ጤፍም አለ። ምስሩ ለወጥና ለዘር ነው። አዲስ ማከማቻ ወጪውን የሚመልሰው በእነዚያ 16 ኩንታል ነው። ሌላው አብዛኛው የሚበላ ነው፤ መጠበቅ አለበት እንጂ ገንዘብ አያመጣም።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ የምሳሌ ነው፤ አንተ የራስህን ገበያ ዋጋ አስገባበት። ስንዴ ጥር ላይ 5,000 ብር ቢሆንና ሐምሌ ላይ 6,000 ቢገባ፣ በኩንታል የ1,000 ብር ልዩነት አለ። በ16 ኩንታል 16,000 ብር። ከዚህ ላይ የከረጢቱ፣ የወለዱ፣ በአይጥና በነቀዝ የሚሄደው ይቀነሳል። እንግዲህ ግንበኛው የነገራችሁን ዋጋ ለቀረው ቁጥር አካፍሉት። የሚመጣው መልስ መጋዘኑ ዋጋውን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈልግ ነው። ከአምስት ዓመት ካለፈ እኔ አልገባበትም። የብሎኬት መጋዘን ብዙ ጊዜ ከዚያም ይርቃል።

ዋጋውም ቢሆን በየዓመቱ አይጨምርም። አሁን የበጋ መስኖ ስንዴ አለ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ገበያ ሲገባ ዋጋው እንዳይጨምር ይይዘዋል። ስለዚህ 16ቱን ባንድ ቀን አትሽጡ። አምስቱን ግንቦት፣ አምስቱን ሐምሌ፣ ስድስቱን ነሐሴ መጨረሻ ላይ አውጡ። አንዱ ገበያ ቢያሳዝን ሌላው ይክሳል።

ብሎኬቱን የምቃወመው በዋጋው ብቻ አይደለም። አፈራችሁን አውቀዋለሁ። የእነዋሪ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ክረምት ሲመጣ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል። ጎተራችሁ የዘመመው እንጨቱ ስላረጀ ብቻ አይመስለኝም። መሬቱ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ አንድ ጊዜ ይለቀዋል። እንጨት ሲገፉት ይዘማል፤ ብሎኬት ሲገፉት ይሰነጠቃል። በተሰነጠቀ ግድግዳ እርጥበትም አይጥም ይገባል። ጥቁሩን አፈር እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ አውጥቶ በድንጋይ ሞልቶ መሠረት መጣል ይቻላል። ግን ወጪው ከግድግዳው ሊበልጥ ነው። ግንበኛው ዋጋ ሲነግራችሁ መሠረቱን ምን ያህል ቆፍሮ እንዳሰበው ጠይቁት።

እዚህ ላይ አባትህ ግማሽ መንገድ ልክ ናቸው። ጎተራ ለእናንተ አገር መጥፎ ዕቃ አይደለም። ምክንያቱም ብርዱ ነው። ነቀዝ ሙቀት ይወዳል። 27 እስከ 30 ዲግሪ ባለበት ቦታ ከእንቁላል ተነሥቶ በአንድ ወር ገደማ ሙሉ ነቀዝ ይሆናል። ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ግን መራባቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። እናንተ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለሸዋ ሮቢት ማሽላ የምመክረውን ለእነዋሪ ስንዴ ብመክር ገንዘባችሁን አባከንኩ ማለት ነው። ቆላ ያለ አንባቢም ይህን ልብ ይበል፦ ከዚህ በታች ጎተራ ይበቃል ያልኩት ለደጋው ነው። ቀወት ወይም በረኸት ላይ የሚከርም ማሽላና ማሾ ገና ሲገባ ጀምሮ አየር በማያስገባ ዕቃ መታሸግ አለበት።

ጤፉን በተመለከተ አትጨነቁ። ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ አያድግበትም። የጤፍ ጠላቱ እርጥበትና አይጥ ነው። ስለዚህ አዲሱን ጎተራ ለጤፍ ሥሩት። ውስጡ በወርድ አንድ ሜትር ተኩል፣ በቁመትም አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ክብ ጎተራ ሁለት ሜትር ኩብ ተኩል ትንሽ ያልፋል። በስንዴ ቢሞላ 20 ኩንታል ገደማ ነው። 12 ኩንታል ጤፋችሁን ይዞ ለደህና ዓመትም ቦታ ይተርፈዋል። ከዚህ አታስበልጡት።

አይጡ ግን በእግሩ ነው የሚሸነፈው፤ በጎተራው እግር ማለቴ ነው። የጎተራው ወለል ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። በእያንዳንዱ እግር ላይ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከቆርቆሮ የተቆረጠ እንደ ጃንጥላ ወደ ታች የተዘረጋ መከላከያ ይግጠሙለት። አይጥ እንጨቱን ይወጣል፤ ቆርቆሮው ሥር ሲደርስ መዞሪያ ያጣል። ይህ የሚሠራው ግን ሌላ መንገድ ከሌለው ብቻ ነው። ብዙ ቤት ሄጄ መከላከያው በትክክል ተገጥሞ፣ አጠገቡ ሞፈርና ቀንበር ተደግፎ አግኝቻለሁ። አይጡ በሞፈሩ ነው የሚወጣው። ከግድግዳም ከዛፍም ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። መሰላሉ ሁልጊዜ ይነሣ። የአይጥ መርዝ አትርጩ፤ ድመታችሁ የተመረዘውን አይጥ በልታ ትሞታለች፤ ከዚያ የባሰ ይመጣል።

ስንዴውና ምስሩ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ምስሩን አንድ እፍኝ ወስደህ ፀሐይ ላይ በደንብ እየው። ቅርፊቱ ላይ የተለጠፈች ነጭ ነጥብ ካየህ እንቁላል ነው። ከዚያ የሚወጣው ትል በቀጥታ ወደ ፍሬው ውስጥ ይገባል። ውጪ ሆኖ አታየውም። አድጎ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል፤ ያኔ ምስሩ አልቋል። ስለዚህ ምስርና ዘር አየር የማያስገባ ከረጢት ይገባቸዋል። ፒክስ የሚባለውን ማለቴ ነው። ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ከውጪ አንድ የተለመደ ማዳበሪያ አለው። ውስጥ ያለው ነቀዝ ያለውን አየር ተንፍሶ ይጨርስና ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልግም። ዘንድሮም አልረፈደም፤ ነቀዙ ቢጀምረው እንኳ ከታሸገ በኋላ ይቆማል።

ስንት ይበቃችኋል? ለምስሩ ሦስት፣ ለስንዴ ዘሩ ሁለት፣ ሐምሌና ነሐሴ ለሚወጣው 11 ኩንታል ስንዴ 11። በድምሩ 16 ባለ 100 ኪሎ ከረጢት። ግንቦት የሚሸጠው አምስት ኩንታል በተራ ማዳበሪያ ይቆይ፤ በእናንተ ብርድ እስከዚያ ብዙ አይጎዳም። ለቤት የሚፈጨው ስንዴ ቤት ውስጥ ባለው ጎታ ይሁን። በየሳምንቱ የሚከፈት ዕቃ ታሽጎ አይጠቅምም። ለምስሩ ባለ 50 ኪሎው ከተገኘ ይሻላል፤ አንዱን ስትከፍቱ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል።

ከረጢቱን ስትገዛ ሁለቱንም ላስቲኮች አንድ በአንድ በአየር ሞልተህ አፉን ጨብጠህ ጆሮህ ጋ ጫነው። እስ የሚል ድምፅ ከሰማህ ቀዳዳ አለው። እህሉን ስትሞላ እየነቀነቅክ ጠቅጥቅ፤ አየሩን በእጅህ አውጣ፤ የእያንዳንዱን ላስቲክ አፍ ለየብቻ ጠምዝዘህ አጥፈህ እሰር። ሦስቱን ባንድ ላይ ካሰርከው አየር ይገባል። ከረጢቶቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጡ፤ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይራቁ። ካልተቀደዱ ሁለትና ሦስት ዓመት ያገለግላሉ።

አሁን የምነግርህን ግን አደራ፣ ከሁሉም በላይ ያዘው። የታሸገ ዕቃ ነቀዝን ይገድላል፤ እርጥበትን ግን አብሮ ያሽጋል። ይህን የተማርኩት በእናትና አባቴ ቤት ነው። በኮምባይነር የታጨደ ስንዴ ነበር። ኅዳር ላይ ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ፣ አጨዳው ተጣድፎ፣ እህሉ በደንብ ሳይደርቅ አዲስ በተገዛ ሳይሎ በሚባል የቆርቆሮ እህል ማከማቻ ውስጥ ገባ። እኔ ነኝ ክዳኑን የዘጋሁት። መጋቢት ላይ ስንከፍተው መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የሻገተ ጭድ ሽታ። እጄን ሰደድኩ። ላዩ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ከሥሩ ያለው ሞቃት ነበር፤ በዚያ ብርድ እጅ ያሞቃል። እናቴ አንድ እፍኝ አውጥታ ነጠላዋ ላይ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ስምንት ኩንታል ነበር። ሻጋታ መርዝ ስላለው ለከብት እንኳ አልሰጠነውም።

እናም ከማሸግህ በፊት ለካ። መሣሪያ ከሌለ ጨው ይበቃል። ጨዉን ምጣድ ላይ አድርቀህ አቀዝቅዘው። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ አንድ ሦስተኛውን እህል ጨምርበት፤ ሁለት ሦስት ማንኪያ ጨው አክል። ክደነውና ጥቂት ደቂቃ በደንብ ነቅንቅ፤ ሩብ ሰዓት ያህል አስቀምጠው። ጨዉ የጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ እርጥብ ነው፤ እንደገና ይሰጣ። ጠርሙሱ ንጹሕ ሆኖ ጨዉ ወደ ታች ከወረደ ወደ ማድረቁ ቀርቧል፤ እኔ ግን አንድ ቀን ፀሐይ ጨምሬ አሰጣዋለሁ። ለሚታሸግ እህል እርጥበቱ ከ13 በመቶ ባይበልጥ ነው የሚፈለገው። ስትሰጡት መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ይሁን፤ ማታ አቀዝቅዛችሁ አስገቡ። አንድ ደህና ሸራ ግዙ። ዘንድሮ ከምትገዙት ሁሉ ቶሎ ዋጋውን የሚመልሰው እሱ ነው። ከኮምባይነር የመጣ እህል ስባሪው ብዙ ስለሆነ ነፋ ነፋ አድርጋችሁ አበጥሩት፤ ስባሪው ላይ ሌላ ዓይነት ተባይ ይመጣል።

ስለ ክኒኑም አንድ ነገር ልበል። ገበያ ላይ ፎስቶክሲን የሚባለውን ገዝቶ እህል ውስጥ ጥሎ እዚያው ቤት የሚያድር ሰው አለ። ክኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ነቀዝን የሚገድለውን ያህል ሰውንም ይገድላል። ሰው በሚተኛበት ቤት፣ በቀጭን ግድግዳ ማዶም ቢሆን፣ በፍጹም አይደረግም። ሕፃናቱን ነው ቀድሞ የሚያገኘው። ከረጢቱን የምወደው አንዱ ምክንያት ይህን ክኒን ከቤታችሁ ስለሚያስወጣው ነው።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ። ዘንድሮ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጎተራ፣ 16 ከረጢት፣ ሸራ፣ ለእግሮቹ መከላከያና ለጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሚስማር ነው። እንጨቱ ከራሳችሁ ባሕር ዛፍ ይወጣል። ጭዱ ከአውድማው፣ እበቱ ከበረት። ጉልበቱ በደቦ ይሁን፤ ግን የደቦው ጠላና እንጀራም ወጪ ነው፣ ጻፉት። ሥራው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይለቅ፤ ምርጊቱ ክረምት ሳይገባ መድረቅ አለበት። የበልግ ዝናብ ቢመጣ በሸራው ሸፍኑት። ለፋሲካ ሁለት በግ ብትሸጡ፣ ወይም እቁብ ካላችሁ ዕጣውን ወደዚህ ብታስመጡት፣ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ያለ ብድር ያልቃል።

ሁለተኛውን ደረጃ በሚመጣው ዓመት አስቡት። ዘንድሮ ክረምት 16ቱ ኩንታል ምን ያህል እንዳተረፈ ደብተር ላይ ካያችሁ በኋላ ማለት ነው። ካተረፈ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ የጭቃ ክፍል ይበቃችኋል። ባለ 100 ኪሎ 38 ከረጢት አራት አራት ሆኖ ሲደረደር አምስት ካሬ ሜትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ ለዙሪያውም ግማሽ ግማሽ ሜትር ይተርፋል። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሁንለት፤ ባዶ ቆርቆሮ ቀን ያግላል፣ ማለዳ ያልባል፣ ላቡም እህሉ ላይ ይንጠባጠባል።

ብድር የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን። ቀድሞ አብቁተ የነበረው ጸደይ ባንክም ሆነ የቀበሌያችሁ ቁጠባና ብድር ማኅበር ጋ ስትሄድ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ወለዱ የሚታሰበው በመጀመሪያው ብድር ነው ወይስ በቀሪው ዕዳ? የቁጥሩ ስም አንድ ሆኖ ክፍያው በጣም ይለያያል። ሁለተኛ፣ ለዋስትና ምን ይቀበላሉ? በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና እህልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊሆን ይችላል። ለጎተራ ብላችሁ የመሬት ደብተራችሁን አታስይዙ። ይህን የምለው ብዙ ቤት ስላየሁ ነው።

ከወለዱ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የመመለሻው ቀን ነው። በሚመጣው ጥር ክፈሉ ነው ያሏችሁ። ጥር ላይ ሁሉም ሰው ይሸጣል፤ እናንተም ለባንኩ ስትሉ ትሸጣላችሁ። ከጥር ገበያ ለማምለጥ የተሠራ ጎተራ በጥር ገበያ ሊከፈል ነው ማለት ነው። በምሳሌው ዋጋ እንየው። 10,000 ብር ጥር ላይ ለመክፈል ሁለት ኩንታል ስንዴ ይወጣል። ሰባት ወር አራዝመውልህ ሐምሌ መጨረሻ ቢሆንና በዓመት 15 በመቶ ወለድ ቢያስቡብህ፣ 875 ብር ይጨመራል። 10,875 ብር በሐምሌ ዋጋ ከሁለት ኩንታል በታች ነው፤ 181 ኪሎ። ወለዱን ከፍለህም 19 ኪሎ ይተርፍሃል፤ የተሻለው ነገር ደግሞ ሌላውን እህል በችኮላ አትሸጥም።

ስለዚህ ብድር ክፍሉ ገብተህ «ክፍያዬን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ግንቦት መጨረሻ፣ ግማሹን ነሐሴ አድርጉልኝ» በል። የእህሉን ቆጠራና ሦስቱን የመሸጫ ጊዜ በወረቀት ይዘህ ሂድ። ብድር የሚሰጥ ሰው ከየት እንደምትከፍል ሲያይ ይረጋጋል። ጎረቤቶቻችሁም በቡድን የሚበደሩ ከሆነ አንድ ላይ ጠይቁ፤ ለአንድ ሰው የማይቀየር ቀን ለአሥር ሰው ይቀየራል። እምቢ ካሉ ዘንድሮ በጎቹንና እቁቡን ይዛችሁ ጎተራውን ሥሩ፤ ቀኑ ጥር እንደሆነ ግን አትፈርሙ።

የጎተራውን ቦታም አባትህን ጠይቅ። አያትህ ጎተራቸውን የት ነበር የተከሉት? ክረምት ውኃ የማይተኛበት፣ ድንጋያማ ወይም ቀላ ያለ አፈር ያለበት ጥግ በየግቢው አይጠፋም፤ ሽማግሌዎቹ ያውቁታል። እዚያ ትከሉት፤ ከላይ በኩልም የውኃ መውረጃ ቦይ ቅደዱለት።